የማዶ ሰዎች ድረ ገጽ

"ምንም እንዳትራሩለት" አለች ዲዛይነሯ ላፕቶፑን ወደ ጠረጴዛው መሀል እየገፋች። "ከማዶ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ያሠሩት ድረ ገጽ ነው። ነገ ይከፍቱታል አሉ።"

ውሸቷን ነው። የሠራችው ራሷ ናት፤ ነገ የሚከፈተውም ለአክስቷ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ስሙን ብቻ ሸፍናዋለች። ምን ታድርግ? አምና የበሩን ማስታወቂያ ሰሌዳ ስታሳያቸው የቤቱ ሠራተኞች ሁሉ "ቆንጆ ነው" አሉ። ደንበኛው ጽሑፉን ማንበብ እያቃተው ወደ ማዶ ሲሻገር ከረመ። ሰሌዳው ከወረደ በኋላ ነው ሹፌሩ "እኔስ መጀመሪያም አላማረኝም ነበር" ያለው። ይሉኝታቸው ያሳብዳል። ይሄኛውም ከከሸፈ አክስቷ የማስታወቂያውን ሥራ ለውጭ ሰው ልትሰጥ ነው። እሷ ደግሞ ለማንም አሳልፋ የመስጠት ሐሳብ የላትም።

ዘዴዋ ሠራ፤ የሁሉም አፍ ተከፈተ።

"ስልክ ቁጥሩን የት ደበቁት?" አለ ሹፌሩ። "ብሬን ይዤ መጥቼ ደግሞ ልለምናቸው?"

"የዚች ልጅ ኮት ትከሻው ተንሻፏል" አለች ጨርቅ ቆራጯ። "እኔ ብሆን ለፎቶ አላወጣውም።"

ኮቱን የቆረጠችው ራሷ ናት፤ የማዶ ሰዎች ነው ከተባለ ግን እንዴት ይታወቃት። ዲዛይነሯ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጻፈች።

አክስቷ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ ገጹን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"መግቢያው ላይ ያለው ፊልም ይውጣ" አለች በመጨረሻ። "እጅ ሲሰፋ ማየት ያምራል። ሱሪ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ግን እስኪያልቅ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም።"

ዲዛይነሯ ይህንንም እየከበዳት ጻፈችው። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ያንን ፊልም ነበር።

ሌሎቹ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ አክስቷ ቀረችና አውራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ካለው ጣት ጎን አስጠጋች። ያው ጠባሳ፣ ያው ጣት።

"ከመጀመሪያው አውቀሻል ማለት ነው?"

"የገዛ እጄን ልጣው?"

"እያወቅሽ ነው ፊልሜን ያጣጣልሽው?"

"የሌላ ሰው ነው ስትዪ ጊዜ ደፈርኩ። አንቺን ፊት ለፊት መናገር ይከብደኛል፣ ልጄ። ለአምናው ሰሌዳም እንዲህ ደፍሬ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ደንበኛ ባላጣን።"

ዲዛይነሯ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ከዚያ ፊልሙን አጠፋችው፤ በቦታው ስልክ ቁጥሩን አግዝፋ አስገባች፤ የሸፈነችውንም ስም ገለጠችው። ሰዎቹን መልሳ ጠራቻቸው።

ሹፌሩ ስሙን እንዳየ ፊቱ ተለዋወጠ። "ውይ፣ የኛው ነው እንዴ? ለነገሩ ቆንጆ..."

"ተው" አለችው ወንበር እየሳበችለት። "አሁንም የማዶ ሰዎች ነው። ቀጥል።"