የቅዳሜ ጥላሸት

አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ አሮጌ መኪናውን አስነስቶ ይወጣል። «ከከተማ ወጣ አድርጌ ሞተሩን ላናፍሰው» ይላል። ሰኞ ደግሞ ያው መኪና እያሳለ እኔ ጋራዥ ይመጣል። የመካኒክ አባት መኪና በየመንገዱ ሲያስል ውርደቱ የመካኒኳ ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን ጭራሽ አልነሳም ብሎት፣ ጎረቤት እየገፋለት ጠዋት መጣ። እኔም በሰላም አልነቃሁም። ታላቅ እህቱ፣ አክስቴ፣ በማግስቱ ባሕር ማዶ ልጇ ጋ ልትሄድ ነው፤ መመለስ የለም። እነሱ ደግሞ ከተኳረፉ ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ቀን በመኪናው አሳፍሯት ሲሄድ በአነዳዱ ተማርራ መሃል መንገድ ላይ ወረደችና «በእግሬ ብሄድ እቀድምሃለሁ» አለችው። እሱም «ባልሽንም ለመቃብር ያበቃው ይሄ ምላስሽ ነው» አላት። ከአፍ የወጣ አፋፍ። ሂድና ይቅርታ ጠይቃት ባልኩት ቁጥር ወሬ ይቀይራል።

«ቶሎ በይ፣ ረፈደብኝ» አለ፣ ከበሩ እስከ መደርደሪያው እየተመላለሰ።

«ነገ ትሄዳለች እኮ።»

«መኪናውን ሥሪ።»

በንዴት ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን ካንዴላዎች ፈታኋቸው። አራቱም ጠቁረዋል። ሞተር ዘይት ሲበላ ካንዴላው ይርሳል፣ ያብለጨልጫል፤ እነዚህ ግን ደረቅ ናቸው፤ ጥቁሩ እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት ጣት ላይ ይቀራል። ቤንዚን በዝቶ፣ አየር አንሶ ማለት ነው። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ከፈትኩት፣ ንጹሕ ነው። የአየር ማጣሪያው አዲስ ነው። ሞተር ሲነሳ አየር የሚቀንሰው ቾክም አልተጣበቀም። ጥፋተኛ አጥቼ እኔም እንደሱ መንጎራደድ ጀመርኩ።

ከዚያ ቆምኩ። ረጅም መንገድ የሄደ መኪና ካንዴላውን በራሱ ሙቀት ያጸዳዋል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሆናል እንጂ እንዲህ አይከስልም። እንዲህ የሚያደርገው ሞተሩ እየሠራ አንድ ቦታ ቆሞ የሚውል መኪና ነው።

«አባዬ፣ ይሄ መኪና ከከተማ ወጥቶ አያውቅም።»

«ማን አለሽ?»

«ካንዴላው።»

«ካንዴላ ያወራል እንዴ?»

«ያወራል። እንዳንተ ግን አይዋሽም።»

አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። መሬት መሬት እያየ «እሷ ሰፈር ነው የማቆመው» አለ። «ከበሯ ዝቅ ብሎ፣ ግንቡ ጥግ።»

«ታዲያ ሞተሩን ለምን አታጠፋውም?»

«ካጠፋሁትማ መውረድ ሊኖርብኝ ነው።»

ልቆጣው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አንጀቴን በላው። ካንዴላዎቹን በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ መልሼ አሰርኳቸውና መሪውን እኔ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ አላስቀመጠኝም። «ቀስ በይ» ይላል፤ «ቤንዚን እንቅዳ» ይላል፤ «ሻንጣ እያሰረች ይሆናል፣ አንረብሻት» ይላል። እኔ ደግሞ የማስበው ሌላ ነው፤ በሩን ብትዘጋበትስ?

ግንቡ ጥግ ስንደርስ «ትንሽ እንቆይ» አለ። እጁ ወደ ቁልፉ ሲሄድ አየሁት፤ ደረስ ብሎ ተመለሰ። እኔ አጠፋሁት።

ጸጥታው ገና ጆሯችን ሳይገባ የግቢው በር ተበረገደ። አክስቴ በቤት ጫማ እየሮጠች ወጣች፤ መንገዱን ወደ ታች አየች፣ ወደ ላይ አየች፣ እኛን ስታይ ደረቷን ይዛ ቆመች።

«ሄደ ብዬ እኮ ነው» አለች ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይሄን የመኪናውን ሳል ከሳሎን ሆኜ እሰማዋለሁ። አሁን ይወርዳል፣ አሁን ይወርዳል እላለሁ። ዛሬ ገና ሲመጣ ድምፁ ጠፋብኝ፤ በቃ ሄደ ብዬ።»

«እትዬ» አለ አባቴ። ስንት ዓመት የነዳውን መኪና በር መክፈቻ እየዳበሰ አጣው።

እሷ ከውጭ ከፈተችለት።