ደመወዝ የሚሠሩት አማት

"አባትየው የት ነው የሚሠራው?" አለች በስልክ የልጅ ማሳደጊያ ተቆራጭ የሚያስከፍለው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ።

ብሮንዊን የምትሠራበትን የአረጋውያን መጦሪያ አንሶላ ከማድረቂያው እየጎተተች ነበር። እስካሁን የተነገራት ሁሉ ገብቷታል። የሁለቱ ወላጆች ገቢና ልጅቷ ማን ዘንድ ስንት ሌሊት እንደምታድር ታይቶ ተቆራጩ ተወስኗል። ተስማምተው አባትየው በእጁ ቢሰጥ መልካም፤ ካልሰጠ እናትየው ስትጠይቅ መንግሥት አሠሪውን አዞ ከደመወዙ ያስቆርጣል። የተለያት የልጇ አባት ዳሚየን ከፋሲካ ወዲህ ምንም አልሰጠም። የቀረው የአሠሪውን ስም መናገር ብቻ ነበር።

"ትንሽ ላስብበት" ብላ ዘጋችው።

ዳሚየን በግ ሸላች ነው። የሸላቾቹ አለቃ አጎቱ፣ ደመወዛቸውን የሚሠሩት ደግሞ እናቱ ግሌኒስ ናቸው። ትንሿን ቲሊን ከትምህርት ቤት ተቀብለው፣ ብሮንዊን ከሥራ እስክትወጣ በነፃ የሚያቆዩላትም እኚሁ ግሌኒስ። ትእዛዙ እሳቸው እጅ ሲገባ የሚሆነው ሁሉ ታያት፤ አማቷ ሲያኮርፉ፣ ልጅ የሚይዝላት ሲጠፋ፣ ፈረቃዋን ስትነጠቅ፣ ዳሚየንም ተናዶ በጥሬ ገንዘብ ወደሚከፈልበት ሩቅ እርባታ ሲሄድና ልጁን ሲረሳ። በሌላ በኩል የቤት ኪራይ መክፈያው ቀን አልፎባታል።

አመሻሹ ላይ ቲሊን ልትወስድ ስትመጣ ግሌኒስ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ድንች እየላጡ ነበር። ዓርብ ነው፤ ሸላቾቹ ከገጠር የሚመለሱበት ቀን። ዳሚየን እናቱ ቤት ሳይደርስ ለመውጣት ቸኩላለች።

"የልጅቷ ጫማ አፉን ከፍቷል" አሉ ግሌኒስ ቀና ሳይሉ። "ዳሚየን መንግሥት በየሳምንቱ ይቆርጥብኛል ይላል። ደመወዙን የምሠራው እኔ፤ አንድም ቀን አልቆረጥኩም። መላእክት ይሆኑ እንዴ የሚቆርጡበት?"

ብሮንዊን ወንበሩን ይዛ ቆመች። "ካወቁ ለምን አልነገሩኝም?"

"ልጄ ነዋ። አንቺስ እንዲቆረጥ ለምን አልጠየቅሽም?"

ዳሚየን እንዳይሸሽ ፈርታ መሆኑን ነገረቻቸው። ዛሬ ደውላ እንደነበርና የአሠሪውን ስም ሲጠይቋት አፏ እንደተያዘም ጨመረች።

"እርስዎም እንዳያኮርፉ ብዬ ነው።"

"ማኩረፌማ አይቀርም" አሉ ግሌኒስ። "ሰኞ ግን ቲሊን እቀበላታለሁ። ስሚኝ ልጄ፣ ትእዛዝ ከመጣ እቆርጣለሁ፤ ሳይመጣ አንዲት ሳንቲም መንካት አልችልም።"

"ሥራውን ጥሎ ቢሄድስ?"

አሮጊቷ ቢላዋውን አስቀመጡ። አይሄድም እንዲሏት ብሮንዊን በዓይኗ ለመነቻቸው።

"ሊሄድ ይችላል" አሉ። "አባቱም እንዲሁ ነበር።"

ውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ውሻው ወደ በሩ ሮጠ። ዘወትር ዓርብ በዚህ ሰዓት ብሮንዊን ልጇን ይዛ በጓሮ በኩል ትወጣ ነበር። ዛሬም ቲሊ ልማዷ ነውና ቦርሳዋን አንግታ መጣች።

"አውርጂውና ቴሌቪዥን እዪ፣ የኔ እናት" አለቻት ብሮንዊን።

ከዚያ ካፖርቷን አወለቀችና ከበሩ ትይዩ ተቀመጠች። ሰኞ የአሠሪውን ስም ትናገራለች። ዳሚየን ግን ነገሩን ከደመወዙ ተቆርጦ ከማየቱ በፊት ከእሷ አፍ ይስማው።