እንቁላሉና የአማቱ ፀጉር

ሰውየው ደህና ሥራ ነበረው። የመጋዘን ኃላፊ ነበር፤ የራሱ ጠረጴዛ ያለው፣ ደመወዙ ዝንፍ የማይል። ያንን ሁሉ ጥሎ፣ ከጎለመሰ በኋላ፣ የሚስቱ አባት ፀጉር ቤት ገብቶ መቀስ ጨበጠ። «ምን ነክቶት ነው?» ያላለ ሰው የለም። የነካውማ ፍቅር ነው። ፀጉር መቁረጥ ይወዳል። ችግሩ፣ አይችልበትም።

ይወዳል ስላችሁ እንዲያው በደፈናው እንዳይመስላችሁ። መንገድ ላይ ሲሄድ የሰው ፊት አያይም፤ የሚያየው ማጅራት ነው። ታክሲ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠውን ሰው አንገት ሲያጠና ከመውረጃው አልፎ ይሄዳል። ወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥለት ደግሞ መቀሱን ይዞ ይዞራል፣ ጎንበስ ይላል፣ ያያል፣ ይመለሳል፤ ደንበኛው እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ገና ግማሹ ነው። ሲቆጡት «ቀስ በቀስ ነው» ይላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው? የሰፈሩ ቀልደኞች ወዲያው ስም አወጡለት፤ እንቁላሉ አሉት። «እንዴት ነው፣ እግር አላወጣህም እስካሁን?» እያሉ ይገቡና ሚስቱ ጋ ተራ ይይዛሉ።

ሚስቱ እጇ ይባረክ የሚባልላት ናት። እዚያው ፀጉር ቤት ውስጥ ነው ያደገችው፤ ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ እያወራች ታስተካክላለች፣ አንዲት ዘለላ አትዛነፍባትም። ግን ሥራውን ሰሃን እንደማጠብ ነው የምታየው። በሚመጣው ወር ሌላ መሥሪያ ቤት ልትገባ ነው፤ ደስ ብሏታል፣ ማን ይፈርድባታል?

የአባቷ እጅ ደግሞ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሰፈሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ራስ ሲያሳምሩ የኖሩ ሰው፣ አሁን ሻይ ሲጠጡ እንኳ ብርጭቆው እጃቸው ላይ ይፈሳል። «ልጅቷ ስትወጣ እዘጋዋለሁ» ብለው ቆርጠዋል። ለእንቁላሉ መስጠትማ አይታሰብም፤ ስሜን በየሰው ራስ ላይ ከሚያበላሽብኝ ቢዘጋ ይሻላል ባይ ናቸው። ይህን ፊት ለፊት ለመንገር ግን አንጀታቸው አልቻለም።

ጋሼን እንቅልፍ የነሳቸው ግን ፀጉር ቤቱ ብቻ አልነበረም። ሚስታቸው ታመው ነበር። ድነዋል፣ ተመስገን። መድኃኒቱ ግን ፀጉራቸውን ሙልጭ አድርጎ ወስዶት አሁን እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ እያለ ነው። ሴትዮዋ ሻሻቸውን አያወልቁም፣ ከበር አይወጡም፤ ባላቸው አጠገብ እንኳ ተከናንበው ነው የሚተኙት። ልጃቸው «እማ፣ አምስት ደቂቃ ነው፤ አስተካክዬ ልገላግልሽ» ብትል «እኔ መገላገል አልፈልግም» አሉ። ጋሼ «እስቲ እኔ ልየው» ቢሉ ፊታቸውን አዞሩባቸው።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ ፀጉር ቤቱ ሳይከፈት ጋሼና እንቁላሉ ዕቃ ሲያጸዱ በሩ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናቸው፤ ብቻቸውን። ጋሼ ልባቸው ዘለለ፤ ዛሬስ ራሷ መጣችልኝ ብለው ማበጠሪያ አነሱ። ሴትዮዋ አልፈዋቸው ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ወደ አማቻቸው ዞሩ።

«ና፣ አንተ ቁረጠኝ።»

እንቁላሉ ክው ብሎ ቀረ። «እኔ?»

«እሱ?» አሉ ጋሼም።

«አዎ እሱ። አንተ እዚያ ተቀመጥ። ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል!»

ጋሼ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ቅናት ነው የያዛቸው፤ ምን ይደበቃል? የአገሩን ራስ ያሳመሩ ሰው፣ የገዛ ሚስታቸው እሳቸውን ትተው ለእንቁላሉ!

ሴትዮዋ ሻሻቸውን ፈቱ። ጋሼ ማየት አልቻሉም፣ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ እንቁላሉ ጮኸ።

«እንዴ! እማማ! ፀጉርዎ እኮ ተጠቅልሎ ነው የመጣው! ዱሮ ለስላሳ አልነበር እንዴ? አናትዎ ላይ ያለው አዙሪትም ዞሯል! አባባ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር አይተው ያውቃሉ? ኧረ ይኼ እንዴት ደስ ይላል! ይቺን የሳሳችዋን ቦታ ይቺ ጥቅልል ትሸፍናታለች እኮ፣ ቶንዶስ ካልነካት...»

የታመመ ሰው ራስ ላይ መቆሙን ረስቶታል። ጋሼ «ይኼ ገልቱ!» ብለው ሊነሱበት ሲሉ ሚስታቸው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ተሰምቶ የማያውቅ ሳቅ ነው፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እንቁላሉ ቶንዶሱን ገፋ አድርጎ በመቀስ ብቻ ጀመረ። አንዷን ጥቅልል ይስባል፣ ይለቃል፣ ወዴት እንደምትመለስ ያያል፣ ጫፏን ብቻ ነካ ያደርጋል። ጋሼ ስንት ጊዜ «ፈጠን በል!» ሊሉ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ደርሶ መለሱት። ኋላ ግን መቸኮሉን ትተው ማየት ጀመሩ። እጁ ከጋሼ እጅ አያንስም ልበል? ያንሳል፤ ምን ያስዋሸኛል። የሚያይበት ዓይን ግን ሌላ ነበር። ጋሼ ራሳቸው፣ በጉልበታቸው ዘመን እንኳ፣ የሰው ራስ እንደዚህ አድርገው አይተው አያውቁም፤ ይኼን ለራሳቸው አመኑ፣ አመማቸውም።

መቀሱ ሲቀመጥ ጋሼ ተነስተው ዞረው አዩ። ከሚስታቸው ግራ ጆሮ በላይ ወጣ ያለች ዘለላ አለች። አገኘሁህ ብለው አፋቸውን ሲከፍቱ እንቁላሉ ቀደማቸው።

«በግራ በኩል ትንሽ ቀርቷል፣ አውቃለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንገታቸው ደክሟል፣ አባባ። ነገ እጨርሰዋለሁ።»

ጋሼ እስካሁን ይዘውት የነበረውን ማበጠሪያ አስቀመጡ።

ሴትዮዋ መስታወቱን ብዙ አዩት። «ቆንጆ ነኝ እኮ» አሉ በመጨረሻ።

ይኼኔ የበሩን ገርበብ ማለት ያየ ደንበኛ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ አላችሁ እንዴ?»

«እኔ ሚስቴን ይዤ መሄዴ ነው። እሱ ይሠራሃል» አሉ ጋሼ። «ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ የሱ ነው፤ አይዘጋም።»

«እንቁላሉ? ኧረ ጋሼ፣ ይመሽብኛል!»

ሴትዮዋ ከወንበሩ ተነስተው፣ ሻሻቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ ደንበኛው ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ሰውየው ራሳቸውን አየ። ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

መንገድ ላይ ጋሼ አላስቻላቸውም። «እኔ እያለሁ ለምን እሱን?»

«እጅህ ይንቀጠቀጣላ።»

«እሱን ተይውና እውነቱን ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ የባላቸውን ክንድ ያዙ። «ከታመምኩ ወዲህ ሰው ሁሉ ሲያየኝ በሽታዬን ነው የሚያየው። ልጄም፣ አንተም። እሱ ግን ፀጉር ካየ ሌላ ነገር አይታየውም። ፀጉሬን የሚያይልኝ ሰው ነበር የናፈቀኝ። አንተ ብትሆን ኖሮ መቀሱን ይዘህ ታለቅስ ነበር።»

«እኔ? ምን በወጣኝ አለቅሳለሁ!» አሉ ጋሼ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ።

«አየህ?» አሉ ሚስታቸው።