የሻብሊው ጭስ

እድላዊት ከሁለተኛው ብርጭቆ ጎንጨት አለች፣ ወይኑን በአፏ አንከባለለችና ባልዲው ውስጥ ተፋችው።

"ጭስ አለው" አለች።

ጋሽ ፋሲል ያንኑ ብርጭቆ አንስቶ አሸተተ። "የምን ጭስ? እኔን ሎሚ ሎሚ ነው የሚለኝ።"

"የተቃጠለ ፀጉር ዓይነት። አይታወቅዎትም?"

"ምንም።"

አላሜዳ ከተማ ውስጥ ባለችው የጋሽ ፋሲል የወይን ሱቅ የኋላ ክፍል፣ ጠረጴዛው ላይ አራት ጠርሙሶች ቆመዋል። አራቱም ፈረንሳይ ውስጥ ሻብሊ ከሚባል አካባቢ፣ ከአንድ ገበሬ፣ ከአንድ ኮረብታ የመጡ ናቸው። የሚለያዩት በዓመታቸው ብቻ ነው፤ 2020፣ 2021፣ 2022 እና 2023። ጋሽ ፋሲል ሳን ሆዜ ላሉት ሬስቶራንቶች የሚያከፋፍለውን ከአራቱ መርጦ ዛሬውኑ ማዘዝ አለበት። የሚመርጠው ግን በራሱ አፍንጫ አይደለም። እድላዊት ተበላሽቷል ካለች ተበላሽቷል፣ ይግባኝ የለውም። ከመስከረም ጀምሮ ለሱቁ ወይን መርጣ የምትገዛ ዋና ገዢ ሊያደርጋት፣ በጥቅምት ደግሞ ፈረንሳይ ሊልካት ቃል ገብቶላታል። እንግዲህ አፍንጫዋ እንጀራዋ ነው።

ወቅቱ ፍልሰታ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም። ወይን ቀምሶ መትፋት ጾም ያስገድፋል ወይስ አያስገድፍም የሚለው ነገር የሱቁ የዘወትር ቀልድ ነው። "ያልተዋጠ አይቆጠርም" ትላለች፤ የንስሐ አባቷን ግን እስከ ዛሬ ደፍራ አልጠየቀችም።

"ገባኝ!" አለች ድንገት። "በ2021 ሚያዝያ ላይ ውርጭ መትቷቸው የለ? ወይኑን ለማሞቅ ማሳው ውስጥ ሻማ ሲያነዱ ነበር ያደሩት። የዚያ ጭስ ነው።"

"ኤፕሪል ላይ ገና ቅጠል እያወጣ ነው እኮ። ፍሬ በሌለበት ጭሱ ምን ላይ አረፈ?"

ይህን እሷም ታውቃለች። ሰው የፈራውን ነገር ላለማየት መቼም ሰበብ አያጣም።

"ለነገሩ እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባላል" አለ ጋሽ ፋሲል፣ እንደ ቀልድ። "እኔ እንኳን የ2021ዱን ነበር የወደድኩት። ቀዝቃዛ ዓመት ስለሆነ ቆንጠጥ ያደርጋል። የ2020ው እና የ2022ቱ ፀሐይ ጠግበዋል፣ የ2023ቱ ደግሞ ቀጠን ብሎብኛል። ግን አንቺ ካልሽ አለቀ፣ ካንስል እናደርገዋለን።"

እድላዊት ለማነጻጸር ብላ የ2022ቱን አነሳች። ቅድም ብስል ፖም የሸተታት ወይን አሁን የተቃጠለ ፀጉር ሸተታት። የ2020ውን አነሳች። ያው ነው። 

ባለፈው ሳምንትም ይኸው ሽታ ነበር። ልጇን ወንጌላዊትን ከትምህርት ቤት ወስዳ በ880 አውራ ጎዳና ወደ ቤታቸው ወደ ኦክላንድ ስትነዳ የሚቃጠል ነገር ሸተታት። መኪናው መስሏት መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ በኋላ የምታስታውሰው ሳን ሊያንድሮ ከደረሱ በኋላ ያለውን ነው፤ ልጅቷ ከኋላ ወንበር እያለቀሰች "ማሚ፣ ዋይ አርንት ዩ አንሰሪንግ ሚ?" ትላታለች፤ ለምን አትመልሺልኝም ማለቷ ነው። መውጫቸውን መቼ እንዳለፈች አታውቅም፤ መሪውን የያዙት እጆች የሷ መሆናቸውን እንኳ ተጠራጥራለች። ልጅቷን በአይስክሬም አባበለቻት። ለባሏ ለናዖድ ምንም አልነገረችውም።

"ምናልባት ተራራው ላይ ሰደድ እሳት ተነስቶ ይሆናል" አለች፣ ድምፅዋ እየሰለለ።

ጋሽ ፋሲል በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። "ሰማዩማ ጥርት ብሏል።"

"እሺ፣ እስቲ አፌን ልጉመጥመጥበት" ብላ የውሃውን ብርጭቆ አነሳች። ገና ወደ አፏ ስታስጠጋው ውሃውም የተቃጠለ ፀጉር ሸተታት።

ከዚያ ጋሽ ፋሲል ክንዷን ይዞ ሲንጣት አገኘችው። ብርጭቆው ወለሉ ላይ ተሰብሯል፣ ጫማዋ ረጥቧል። መቼ ከእጇ እንደወደቀ አላየችም።

"እድል! ኧረ በማርያም! ስንቴ ጠራሁሽ እኮ! ዓይንሽን አፍጥጠሽ ባዶ አፍሽን ታላምጫለሽ!"

"ብዙ ቆየሁ?"

"እኔ እንጃ፣ አንድ ደቂቃ ይሆናል። ጾሙ ነው ልጄ። በባዶ ሆድሽ ወይን ስታሸቺ ውለሽ! በቃ፣ ወንጌልን ከትምህርት ቤት ፒክ አድርጊና ቤትሽ ገብተሽ እህል ቅመሺ። ኦርደሩን እኔ እልከዋለሁ፣ የ2020ውን እናደርጋለን።"

ሰበቡን እሷ ሳትፈልገው በእጇ አስያዛት። ጾሙ ነው ብላ ብትወጣ የሚጠይቃት የለም፤ የመስከረሙ ሥራም የጥቅምቱ ጉዞም እንዳለ ይቆይላታል። ገዢ አፍንጫውን ካላመነ ምን ይሠራል? ይህን አሰበችና ፈራች። ከዚያ ልጇ የኋላ ወንበር ላይ ቀበቶዋን አስራ ስትቀመጥ ታየቻት፤ ያኔ የቅድሙ ፍርሃት ከዚህኛው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

"ጋሽ ፋሲል፣ የ2021ዱን ይዘዙ" አለች። "ወይኑ ምንም አልሆነም።"

"ጭሱስ?"

"ውሃውም ሸትቶኛል። ጭሱ ያለው እኔው ጭንቅላት ውስጥ ነው።"

ጋሽ ፋሲል የተሰባበረውን ብርጭቆ፣ ከዚያ እሷን አየ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ሁሉ ጠፋ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"



"ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ" አለች።

የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ መዳፉ ላይ አኖረችለት።

"ወንጌልን እርስዎ ያምጡልኝ። ከዚያ እኔን ሆስፒታል ያድርሱኝ። ለናዖድ አሁን እደውልለታለሁ።"