በአዲስ ሞተር አይቸኮልም

ባልደረቦቹ «ቶሎ» የሚሉት ሾፌር ዳገቱ ወገብ ላይ ሲቆም፣ ሰማያዊ ጭስ ከኋላው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ጠረገ፤ መልሶ ከትቶ እንደገና መዘዘው። ጫፉ ላይ ጠብታ እንኳ የለም። በመጠባበቂያ የያዘውንም ዘይት መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ እየቆመ ጨምሮ ጨርሶታል።

የጫነው ስልሳ የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። ከዳገቱ ማዶ ያለው ሆስፒታል የራሱ ማምረቻ ተበላሽቶበታል። ጠዋት የግምጃ ቤቷ ኃላፊ ደውላ፣ «ወንድሜ፣ ያለን ቢበዛ እስከ ስምንት ሰዓት ቢያደርሰን ነው፤ አደራ» ብላው ነበር። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

መኪናው አራት ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላም። ከታላቅ እህቱ ጋር በጋራ የገዙት፣ ሌላ ሰው ሳይነዳው፣ ከነአዲስነቱ ወደ ቤተሰቡ የመጣ የመጀመሪያው መኪና ነው። እህቱ መካኒክ ናት፤ የአባታቸውን ጋራዥ ተረክባ ሃያ ዓመት ሞተር ስትፈታና ስትገጥም የኖረች። ቁልፉን የሰጠችው ዕለት ጣቷን ቀስራ ነግራው ነበር።

«ስማኝ፣ ይሄ ሞተር ገና ሙሽራ ነው። አብሮት በመጣው ዘይት አስር ሺህ ኪሎ ሜትር ይሂድ። የፒስተኑ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ተፋጭተው ቦታቸውን ይያዙ። ሲንተቲክ የሚሉት ውድ ዘይት ያንሸራትታል፤ አሁን ከሞላህበት ሳይላመዱ ይቀራሉ። ሲደርስ እኔው ራሴ እቀይርልሃለሁ።»

የእሱ አንጀት ግን አልቻለም። ምርጥ ዘይት እያለ ለአዲስ መኪና ተራውን መስጠት ልጅን እንደ ማስራብ ሆነበት። ገና በስምንት መቶ ኪሎ ሜትር ማደያ ገብቶ በሲንተቲክ አስቀየረ፤ ለእህቱም ትንፍሽ አላለም። ጭሱ ሲጀምርም እየተደበቀ ይጨምር ነበር።

አሁን ደወለላት።

«እትዬ፣ ዘይት አልቆብኛል።»

«አዲስ መኪና ዘይት በላ? መቼ ነው የቀየርከው?»

«በስምንት መቶ።»

ከማዶ ይሰማ የነበረው የመፍቻ ድምፅ ቆመ።

«ስደቢኝ፣ እትዬ።»

«ስድቡ የትም አይሄድብህም። ምን ያህል ቀረህ?»

«አስራ አንድ ኪሎ ሜትር።»

«ዘይት ይዤ እስክደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። እንዲሁ ብትነዳው ሞተሩ ተጣብቆ ይቀራል፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ግን ያንቺም መኪና ነው።»

«ታዲያ ቆመህ ምን ትጠብቃለህ? ብረት ነው እኮ! ንዳው!»

ነዳ። ቀዩ መብራት በርቶ አልጠፋም። ከሞተሩ ውስጥ የጀመረው የማንኳኳት ድምፅ በየኩርባው እየባሰ መጣ፤ እሱም እንደ ታመመ ሰው «አይዞህ፣ ትንሽ ነው፣ ትንሽ» እያለ መሪውን ይደባብሳል። የሆስፒታሉ አጥር እንደ ታየው ሞተሩ አንዴ አጓርቶ ቀጥ አለ። እስከ በሩ ሦስት መቶ እርምጃ ይቀራል።

ጮኸ። ጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ የበሽተኛ አስታማሚዎች ግር ብለው መጡ። ሲሊንደሮቹን በቃሬዛ፣ በተሽከርካሪ ወንበር፣ በትከሻ አጓጓዙ። ሾፌሩ ቶሎም አንዱን ተሸክሞ ኮሪደሩ ውስጥ ሲገባ አንዲት ነርስ ፊቱን እንኳ ሳታይ ተቀበለችው። ስምንት ከሩብ ሆኗል። ግድግዳው ስር የሴት ጫማ የታቀፈ ሰውዬ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ኦክስጅኑ ለእናቴ ነበር፤» አለ ሰውዬው፣ ማንን እንደሚያናግር ሳያውቅ። «አሁን፣ አሁን ነው ያረፈችው።»

እህቱ ስትደርስ ቶሎን ጋቢናው ደረጃ ላይ ኩርምት ብሎ አገኘችው። ከመኪናው ስር ገብታ የቀረውን ዘይት በሳህን ቀዳች፤ የብረት ብናኝ ሞልቶበታል።

«ሦስቴ ባልቆም ኖሮ እደርስላት ነበር፤» አለ። «ገደልኳት።»

«የሌሎቹን በሽተኞች ነፍስ ማን አተረፈ?»

«እትዬ፣ አታባብዪኝ።»

እጇን በጨርቅ ጠረገች። «እሺ፣ አላባብልህም። ጥፋቱ ከዘይቱ ይሁን ከፋብሪካው፣ ሞተሩን ሳልፈታ አላውቅም። ብትነግረኝ ኖሮ ግን ዛሬ በዚህ መኪና አልልክህም ነበር።»

ጨርቁን ጥላ አጠገቡ ተቀመጠች። ቆይቶ ተነሳና ወደ ኮሪደሩ፣ ወደ ሰውዬው አቀና። ምን እንደሚለው ግን አያውቅም።