ሎሽን ያጠፋው ጠባሳ

ፎቶ አንሺውን የሰፈሩ ሰው «ሎሽን» ይለዋል። ብጉሩን ይዞ ሱቁ የገባ ሁሉ ፎቶው ላይ ጥርት ብሎ ይወጣል። ፎቷቸውን ሊወስዱ መጥተው «የማን ነው?» ብለው የጠየቁ ባልና ሚስት ነበሩ።

ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ሱቁ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ልጇ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ወጥታ እንደቀረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። የአፋልጉኝ ወረቀቱን በየዓመቱ የሚያትምላት ሎሽን ነው።

«ቁጭ ይበሉ እንጂ፣ እትዬ።»

«መቀመጡን ተወው። አዲስ ነገር ካላመጣሁ ፋይሉ ሐሙስ መጋዘን ይወርዳል አሉኝ ፖሊሶቹ። አሳድግልኝ።»

«ምኑን?»

«ልጄን ነዋ። ሃያ አምስት ዓመት አድርግልኝ። ለሙሽራው አባት ፀጉር ያበቀልክለት አንተ አይደለህ?»

 ሎሽን የጥንቱን፣ ገና ያልተነካካውን ፎቶ ፈልጎ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተው።  ከልጅቷ የላይኛው ከንፈር እስከ አፍንጫዋ ቀጭን ጠባሳ ወጥቷል፤ በአምስት ዓመቷ የስፌት መኪናው ብረት የተወላት።

«ይህ የት ሄዶ ነበር?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለ ሎሽን። « ለሁሉም ነው የማጠፋው፣ ለክፋት አይደለም።»

«እኔስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት አላየሁም?»

ወረቀቱን ባየች ቁጥር የምታየው ልጇን ነበር፤ የጎደለውን ከራሷ እየሞላች።

ያልተነካካውን ፎቶ አሳትማ ፖሊስ ጣቢያ ይዛው ሄደች። መርማሪው ፋይሉን ከሌላ ሰው የተረከበ ወጣት ነው። ቅጹ ላይ «ልዩ ምልክት» በሚለው ቦታ፣ ባማረ የእጅ ጽሑፍ፣ «ከፎቶው ይታያል» ተብሎ ተሞልቷል፤ የተያያዘው ፎቶ ደግሞ ሎሽን ያጠራው ነው።

«እንግዲህ ይህ አዲስ ማስረጃ ነው ወይስ የድሮ?» አለ መርማሪው ብዕሩን እያሽከረከረ።

«ስሙን በኋላ ታወጣለታለህ። አገላብጥ፣ ልጄ።»

አገላበጠ። አየን ያሉ ሰዎች የሰጡት ቃል ነው፤ እያንዳንዱ ጠርዝ ላይ በቀይ «አይመሳሰልም» ተጽፎበታል። ሰባተኛው ገጽ ላይ ጣቱ ቆመ። የመናኸሪያ ትኬት ቆራጭ፦ ከንፈሯ ላይ ጠባሳ ያላት ተማሪ፣ በጠፋች በአራተኛው ቀን፣ ብቻዋን ትኬት ገዝታለች። በቀይ፦ «ጠባሳ የላትም። አይመሳሰልም።»

«በአራተኛው ቀን» አለች ልብስ ሰፊዋ። ልጇ ከትምህርት ቤቱ በር ከወጣች በኋላ መታየቷን እስከዛሬ ማንም አልነገራትም ነበር።

መርማሪው ታለቅሳለች ብሎ ሶፍት ፍለጋ መሳቢያ ሲከፍት፣ እሷ ጨርቅ የምታሰምርበትን ጠመኔ ከኪሷ አውጥታ የትኬት ቆራጩን ስም እጅጌዋ ላይ ጻፈች።

«እናቴ፣ ይረጋጉ። እኛ ደውለን እንጠራዎታለን።»

«ደውሉ። መናኸሪያ ነኝ።»

ተከትሏት የመጣው ሎሽን ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነበር...»

«እየሄድን ትጠይቀኛለህ» አለችው፣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች።