ጎማ የሌለው የመፍቻ ሳጥን

ሣህሉን ያበገነው አንድ አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ ነው። በመፍቻ ደግሞ ይበገናል ወይ የሚል ካለ፣ ትኩስ ሲሚንቶ ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ የተቃጠለ ዘይት ግንባሩ ላይ እየተንጠባጠበበት፣ እጁን ወደ ዕቃው ሰዶ ባዶ ሸራ ዳብሶ የማያውቅ ሰው ነው። ከላይ ደግሞ የአይሱዙው ሹፌር ኮፈኑን በጣቱ እየቆረቆረ «መልካ ጀብዱ ጭነት እየጠበቀኝ ነው፣ ቶሎ በል እንጂ» ይላል።

ጋራዡ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ጫፍ ላይ ነው። ሣህሉና አብሺር በሽርክና ከከፈቱት ዓመታት አልፈዋል፤ ሣህሉ ሞተሩን፣ አብሺር ኤሌክትሪኩንና ፍሬኑን ይይዛሉ። መፍቻው፣ ካቻቢቴው፣ ፒንሳው፣ ያላቸው ሁሉ በሩ አጠገብ በተዘረጋ ሸራ ላይ ይውላል። ከሸራው ላይ ሰፈሩ በሙሉ ያነሣል። የባጃጅ ሹፌር ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ «አቦ፣ አሥር ቁጥር ይዣለሁ» ይልና ይሄዳል። ወፍጮ ቤት ያላቸው እትዬ ቦጋለች የወፍጮው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ በላላባቸው ቁጥር ትልቁን የቧንቧ መፍቻ ያስወስዳሉ። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሥራው ወደ መንገዱ መጮህ ብቻ ነው፤ «አሥራ ሰባት የት ናት?» ሲባል ከአንዱ ግቢ «እኔ ጋ ናት» የሚል ድምፅ ይመጣል። እንዲህ ነበር የሚኖሩት፤ ማንም ውል አልተፈራረመበትም።

ያን ቀን ሣህሉ ጮኸ፣ ድምፅ ግን አልመጣም። እንዴት ይምጣ? ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ድሬ በሯን ዘግታ ተኝታለች። በዚያ ሰዓት ለመፍቻ ተብሎ ከአልጋ የሚነሣ የድሬ ሰው አልተፈጠረም፤ ይህን ደግሞ እዚያው ተወልዶ ያደገው ሣህሉ አጥቶት አይደለም። ንዴት ግን ሰውን የገዛ አገሩን ያስረሳዋል። ከመኪናው ሥር ወጣ፣ መንገዱ መሐል ቆመ፣ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«የሌባ ሰፈር» አለ፣ ባለ በሌለ ድምፁ። «ሲያበድሩት የሚሰርቅ፣ ሲያጎርሱት የሚነክስ የሌባ ሰፈር።»

መንገዱ ጭር ብሎ ስለነበር እያንዳንዱ ቃል በየመስኮቱ ገባ። ለመፍቻው ያልነቁት ሁሉ ለስድቡ ነቁ።

አብሺር ከጥላው ብድግ ብሎ ክንዱን ያዘው። «ሣህሉ፣ ሰው ተኝቷል እኮ። አሥር ሰዓት ሲሆን ይመጣል።»

«አይመጣም። ዛሬውኑ ትልቅ ሳጥን እንገዛለን። የሚቆለፍ።»

የአይሱዙውን ሹፌር እንደምንም ሸኝተው፣ ከሰዓት በኋላ ታይዋን ገበያ ዴቃ ሱቅ ገቡ። ዴቃ የጋራዥ ዕቃ ስትሸጥ የኖረች ናት፤ ደንበኛዋን ከእግር እስከ ራሱ ታይና ምን እንደሚያስፈልገው ትነግረዋለች፤ አብዛኛውን ጊዜም አትሳሳትም። ከሁሉ አስቀድማ ወደ ቀዩ ሳጥን ወሰደቻቸው። መሳቢያዎቹ ብዙና ጥልቀት የሌላቸው ናቸው፤ በኩሽኔታ ስለሚሄዱ በአንድ ጣት ይሳባሉ፤ ሥሩ ላይ ወፋፍራም ጎማ አለው።

«ለእናንተ ይሄ ነው» አለች። «መፍቻ በመፍቻ ላይ አይደራረብም፣ ሁሉም ይታያል። እየገፋችሁ መኪናው ድረስ ትወስዱታላችሁ።»

አብሺር መሳቢያውን ሳብ መለስ አደረገው፣ ፊቱ በራ። «ወላሂ፣ አባዮ፣ እህቴ ዴቃ፣ ይሄ ሳጥን አይደለም፣ ሠራተኛ ነው። ሣህሉ፣ ና እየው። ባዶ ቦታ ካየህ የጎደለውን ወዲያው ታውቃለህ።»

«ጎማ ያለው ዕቃ ገፍተው ይወስዱታል» አለ ሣህሉ።

«ማነው የሚወስደው?»

«አንተ ደግሞ። ማን እንደሚወስደው ባውቅ ሳጥን እገዛለሁ?»

ጥግ ላይ አንድ ግራጫ ሳጥን ቆሟል። ላሜራው ወፍራም፣ መሳቢያው እንደ እህል ጎታ ጥልቅ፣ ጎማ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት። ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ብረት አለ፤ እሱ ሲዘጋ ሁሉም መሳቢያ አብሮ ይዘጋል። ሣህሉ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። አልተነቃነቀም። ከጧት ጀምሮ ደስ ያለው ያኔ ብቻ ነው።

ዴቃ ከንፈሯን መጠጠች። «ይሄ ለመጋዘን ነው፣ ለሚሠራ ሰው አይሆንም። ከታች የገባች መፍቻ እስክትወጣ ቀኑ ይመሻል። ደግሞ አንዴ ካስቀመጥከው አስቀመጥከው ነው።»

«ቁልፉ እንዴት ነው?»

«ቁልፉማ ጥሩ ነው።» ሁለት ቁልፍ ያለው ቀለበት ከመሳቢያዋ አወጣች። «አንዱ ለአንተ፣ አንዱ ለአብሺር።»

ሣህሉ ተቀበላትና ሁለቱንም ኪሱ ከተተ። አስቦበት ነው ማለት አይቻልም፤ ንዴቱ ነው የከተተው። ነገር ግን አብሺር አየ። እጁን በግማሽ ዘርግቶ ነበር፤ ከዚያ እጁን ፀጉሩ ላይ አሳረፈና ወደ በሩ ወጣ። ሣህሉም ማየቱን አይቷል። ያኔ አንዱን ቁልፍ አውጥቶ «እንካ» ቢል ምን ነበረበት? እልህ ያዘው እንጂ። ቀዩ ሳጥን ይሻል እንደነበር ልቡ እያወቀ ግራጫውን አስጫነ።

ሳጥኑ በሸክም ገብቶ የኋላ ግድግዳ ሥር ተቀመጠ። ዕቃው ሁሉ ከሸራው እየታፈሰ እየተንኳኳ ገባ፣ ብረቱ ወረደ፣ ተቆለፈ። ከዚያ በኋላ ሥራ ሥራ መሆኑ ቀረ። አብሺር አንድ ካቻቢቴ በፈለገ ቁጥር ከመኪና ሥር ሣህሉን ይጠራል፤ ሣህሉ እያጉረመረመ ይወጣል፣ ይከፍታል፣ እስከ ክርኑ ገብቶ ይበረብራል። አብሺር አንዴም «አቦ ቁልፉን ስጠኝ» አላለውም። ቢለው ይሻለው ነበር፤ አለመጠየቁ ነው ሣህሉን ያንገበገበው።

በማግሥቱ ጧት ዋሪስ መጣ፤ ባጃጅ ነጂ ነው። አሥራ ሦስት ቁጥሯን መፍቻ በጨርቅ ጠርጎ፣ ሳይወረውር ሳይስቅ፣ ሳጥኑ ላይ አስቀመጣት።

«የት ነበረች?» አለ ሣህሉ።

«እኔ ጋ። ትናንት ጧት ስልክ እያወራህ ራስህ ነህ ያቀበልከኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልመልስ ስመጣ ለሰፈሩ ያወጣህለትን ስም ነገሩኝ።»

ሣህሉ ትዝ አለው። ትዝ ማለቱ ደግሞ ይበልጥ አናደደው፤ ሰው ሌላውን ሲሰድብ ውሎ ጥፋቱ የራሱ ሆኖ ሲያገኘው የሚመጣ ንዴት ከሁሉም የከፋ ነው። ይቅርታ የሚለው ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣና «እሺ፣ ሂድ» ሆኖ ወጣ።

እትዬ ቦጋለች ተከተሉ። ሌላ ጊዜ ሰው ይልኩ የነበሩት ሴትዮ ዛሬ በነጠላቸው ጫፍ የቧንቧ መፍቻውን ይዘው ራሳቸው መጡ። «ልጄ፣ ቆጥረህ ተረከበኝ። በሌባ እጅ እንዳያድር ብዬ ነው» አሉ። ሣህሉ «እትዬ፣ እርስዎን እኮ አይደለም» ቢል «ታዲያ ማንን ነው? ሰፈሩ እኛ ነን» ብለው ዞረው ሄዱ። ከእሳቸው ኋላ ሌላው መጣ፣ ሌላውም። ሣህሉ መጥፋቱን ረስቶት የነበረ ክሪክ ተመለሰ፤ የራሱ መሆኑን የማያውቀው መዶሻ ሳይቀር ተመለሰ። ሁሉም አስቀምጦ ይሄዳል፤ የሚያወራ የለም። ሳጥኑ እስከ አፉ ሞላ። የባጃጅ ነጂዎቹ ከዚያ ወዲያ በጋራዡ በር ሲያልፉ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ።

ያንኑ ቀን ቀትር ሲሆን አብሺር እጁን ታጠበ። አሮጌውን ሸራ አወጣ፣ ግማሹን ሲሚንቶው ላይ ዘረጋው።

«ሣህሉ፣ የኔን ዕቃ ለይልኝ» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ስማ ወሪያ፣ አልተጣላሁህም። እኔም የዚህ ሰፈር ሰው ነኝ። ሌባ ካልከው ውስጥ አለሁበት። የኔን ስጠኝና እሄዳለሁ።»

«ውሰድ ታዲያ። ይኸው ክፍት ነው፣ ሁሉንም ውሰድ።» ሣህሉ ብረቱን አንሥቶ መሳቢያውን በኃይል ሳበው፤ ከክብደቱ የተነሣ በግማሽ ቆመበት። 

«ሁሉንም አላልኩም» አለ አብሺር ረጋ ብሎ። «የኔን ነው ያልኩህ። የሰው ዕቃ አልወስድም።»

ሣህሉ ሳጥኑ ፊት ተንበረከከ። ከላይ ያለውን ፒንሳ አነሣ። ማን ነው የገዛው? ጅቡቲ የሄደ ጊዜ አብሺር ያመጣው ይሁን፣ ወይስ እሱ ራሱ ከአሸዋ ገበያ ያነሣው፣ አገላብጦ አየው። እጀታው በሁለቱም እጅ አልቋል። አስቀመጠና መፍቻ አነሣ፤ እሷም እንደዚያው። መዶሻውን አነሣ። ያን ሁሉ ዓመት የኔ የአንተ ተባብለው አያውቁም ነበር፤ አሁን በቁልፍ የዘጋው ዕቃ የማን እንደሆነ መናገር አልቻለም።

አብሺር ሸራው ጫፍ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሣህሉ እንደገና ፒንሳውን አንሥቶ ወደ ሸራው ዘረጋ፣ መለሰው፣ ዘረጋ። «አቦ አብሺር» አለ በመጨረሻ፣ «አልለያቸውም፤ አላውቃቸውም።»

«እኔም አላውቃቸውም» አለ አብሺር፤ ዕቃውን እየጠበቀ ግን ከሸራው ጫፍ ንቅንቅ አላለም።